የሚንቀጠቀጠው መሪ፦ ስለ ማኅበራችን ሚኒባስ ለአባላት የተደረገ ንግግር



በ2017 ዓ.ም. ሰኔ ወር በዚሁ በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ አንድ ጽሑፍ ለጥፈን ነበር። ብዙዎቻችሁ አንብባችሁታል፤ ያላነበባችሁትም ሰምታችኋል። ጽሑፉ የማኅበራችን ሚኒባስ ፍሬን በሾፌሩ የአነዳድ ጉድለት ስለተበላሸ የጥገናው ወጪ እኩሌታ ከደመወዙ እንዲቆረጥ የሥራ አስፈጻሚው መወሰኑን ይገልጽ ነበር። የጻፍነው እኛ ነን። ማኅተሙን የመታነውም እኛ ነን። ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ያ ጽሑፍ ስሕተት እንደነበረ ለመናገር፣ መኪናውም በምን እንደታመመና በምን እንደዳነ ለማስረዳት ነው። መኪና ያላችሁ ለራሳችሁ ይጠቅማችኋል። የሌላችሁም ብትሆኑ የምትሳፈሩበት ሚኒባስ በእናንተው መዋጮ የተገዛ ነውና አዳምጡን።

አስቀድመን አንድ ነገር እንግለጽ። ጸሐፊ ብንባልም ትምህርታችን ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ መካኒክም አይደለንም። የምንነግራችሁ ከሠፈራችን ጡረተኛ መካኒክ፣ ሁላችሁም አባባ ከምትሏቸው ሽማግሌ አጠገብ ቆመን ያየነውንና ጠይቀን የተረዳነውን ነው። አባባ ስማቸው በጽሑፍ እንዲወጣ አልፈለጉም። «ስሜ ምን ይሠራላችኋል፣ ይልቅ ብሎኑን በደንብ እሰሩ» ነው ያሉን።

ነገሩ የጀመረው በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነው። ሾፌራችን ቢሮ መጣና «ፍሬን ስይዝ መሪው እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ በተለይ ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ስወርድ ይብሳል» አለን። እኛም «ቀስ ብለህ ንዳ» አልነው። መልሳችን ይኸው ነበር። ሦስት ሳምንት ቆይቶ ደግሞ መጣ። ያን ጊዜ ጎሚስታ ዘንድ ላክነው። አራቱም ጎማዎች ባላንስ ተሠሩ፣ ተከፈለ፤ መንቀጥቀጡ ግን እንደነበረ ነው። ቀጥሎ አንድ ጋራዥ ገባ። እዚያ «የመሪው መጋጠሚያዎች አልቀዋል» ተባለና ተለወጡ፣ የጎማው አቅጣጫም ተስተካከለ። ትንሽ የቀነሰ መሰለን። እንደገና ባሰበት። በሦስተኛው ቦታ «የፊት ዲስኩ ተጣሟል» አሉና ሁለቱን ዲስኮች በቶርኖ አስላጭተው መልሰው ገጠሟቸው። ይህን ጊዜ መሪው ጸጥ አለ። እኛም ደስ አለን፤ በስብሰባ ላይም ችግሩ ተወገደ ብለን ሪፖርት አቀረብን።

ሁለት ወር አልሞላውም፤ ተመልሶ መጣ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ጥፋታችን። ገንዘብ ወጥቷል፣ ሦስት ባለሙያ አይቶታል፣ ስለዚህ ጥፋቱ ከሚነዳው ሰው ነው አልን። «ፍሬን ላይ ቆመህ ትነዳለህ» ብለን ተቆጣነው። ልጁ ያለን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ግራው ጎማ ይግላል፣ እዩልኝ» አለ። ማንም አላየለትም። ቃለ ጉባኤው ተጻፈ፣ ማስታወቂያው ተለጠፈ፣ ከደመወዙም ተቆረጠ።

በነሐሴ፣ በፍልሰታ ጾም፣ እንጦጦ ማርያም ያስቀደሱ አሥራ አንድ እናቶቻችንን ይዞ ሲመለስ ነበር። ዝናብ ጥሏል፣ ጉም አለ፣ መንገዱ ያንሸራትታል። ግማሽ መንገድ ላይ ሲደርስ መጀመሪያ መሪው ተንቀጠቀጠ፣ ቀጥሎ የተቃጠለ ነገር ሸተተ፣ ቀጥሎም የፍሬኑ ፔዳል ወደ ታች ሰመጠ። እግሩ ሥር ምንም አልያዘም። ልጁ አልጮኸም። ማርሹን ወደ ሁለተኛ፣ ከዚያም ወደ አንደኛ ቀነሰ፣ የእጅ ፍሬኑን ጥቂት በጥቂት እየሳበ መኪናውን ወደ ዳር አስጠጋና የፊት ጎማውን ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ጋር አሳርፎ አቆመው። ከእናቶቻችን አንዷ እንኳን አልተጫረችም።

በማግሥቱ ከእነዚያ እናቶች አንዷ ቢሮአችን መጡ። ወንበር ብንሰጣቸው አልተቀመጡም። «የዚህን ልጅ ደመወዝ የቆረጣችሁት እናንተ ናችሁ? እኔ ዛሬ በእግሬ የመጣሁት በእሱ እጅ ነው» አሉንና ወጡ። ከዚያ በኋላ ነው አባባን የለመንነው። ከዚያ በፊት እዚሁ ስብሰባችን ላይ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ስንት ጊዜ አይተናቸዋል! ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና የጠገኑ ሰው አጠገባችን እያሉ ከተማ ለከተማ መዞራችን እስካሁን ያሳፍረናል።

አባባ ሲመጡ ቁልፍ አላነሡም። መጀመሪያ ሾፌሩን አስቀምጠው ይጠይቁት ጀመር። እኛ ይህን ነበር ማድረግ የነበረብን፤ የበሽተኛውን ቃል መስማት።

«ልጄ፣ መሪው የሚንቀጠቀጠው ሁልጊዜ ነው ወይስ ፍሬን ስትይዝ ብቻ?» አሉት። ፍሬን ሲይዝ ብቻ ነው አለ። ይህ ጥያቄ ዋና ነው። ፍሬን ሳይያዝም በሰማንያና በመቶ ኪሎ ሜትር ፍጥነት አካባቢ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ብዙ ጊዜ የጎማ ባላንስ ነው፣ ወይም ጎማው አብጧል፣ ወይም ቸርኬው ተጎድቷል። ፍሬን ሲነካ ብቻ ከሆነ ግን ፍሬኑን መመርመር ነው። እኛ በመጀመሪያው ቀን ይህን ብንጠይቅ የባላንሱ ገንዘብ በኪሳችን ይቀር ነበር።

«የሚንቀጠቀጠው መሪው ነው ወይስ መቀመጫው?» መሪው ነው አለ። መሪው ከፊት ጎማዎች ጋር የተያያዘ ስለሆነ ፊት ያለ ጉድለት በእጅ ይሰማል። ከኋላ የሚመጣ ግን መቀመጫውንና ወለሉን ነው የሚያርገበግበው። የኋላውን ለመለየት አባባ የሚያደርጉት ሌላም ፈተና አለ፤ ሰውና መኪና በሌለበት ሜዳ ላይ በሠላሳ ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየሄዱ፣ የእጅ ፍሬኑን ቁልፍ በአውራ ጣት ተጭኖ ይዞ፣ ማንሻውን ቀስ እያሉ መሳብ። የእጅ ፍሬን በአብዛኛው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ስለሚይዝ፣ መንቀጥቀጡ በዚህ ጊዜ ከመጣ ጥፋቱ ኋላ ነው፤ ካልመጣ ወደ ፊት ይኬዳል። ይህን እርጥብ መንገድ ላይ የሚሞክር ሰው ግን ከእኛ አልሰማም ይበል።

«መኪናው ወደ አንድ ጎን ይስባል?» አዎ፣ ወደ ግራ። «ከቁልቁለት በኋላ ይብሳል?» አዎ። «ፔዳሉስ እግርህን ይመታሃል?» አዎ፣ በልክ በልክ። አባባ ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። (በነገራችን ላይ አዳዲሶቹ መኪናዎች ላይ በሚያንሸራትት መንገድ በድንገት ፍሬን ሲረገጥ ፔዳሉ ትር ትር የሚለው ጎማው ተቆልፎ እንዳይንሸራተት የሚከላከለው መሣሪያ ሥራውን ሲሠራ ነው፤ ያ ብልሽት አይደለምና አትደንግጡ።)

ከዚያ በኋላ አሥር ደቂቃ ያህል ለጥ ባለ መንገድ ላይ፣ ፍሬን ብዙ ሳይነካ፣ ነድቶት እንዲመለስ አዘዙት። ሲመለስ እጃቸውን ሳያስነኩ ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ አስጠጉ። ቀኙ ለብ ብሏል። የግራው የፊት ጎማ ግን እንደ ምጣድ ይፋጃል። ልጁ ለወራት የነገረን ይኸንን ነበር።

መኪናው በክሪክ ተነሣ፣ ከሥሩ እንጨት ተደገፈ፣ ጎማው ወለቀ። እንደሚታወቀው ዲስክ ከጎማው ጋር አብሮ የሚዞር ክብ ብረት ነው። ካሊፐር የሚባለው ደግሞ እንደ መቆንጠጫ ሆኖ በሁለት ሸራ መካከል ዲስኩን ይጨምቀዋል። እንደ እኛ ባለው መኪና ላይ ካሊፐሩ በሁለት ለስላሳ ዘንጎች ላይ ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል፤ ሁለቱ ሸራዎች እኩል የሚይዙትና እኩል የሚለቁት ይህ መንሸራተት ሲኖር ነው። አባባ በእጃቸው ገፉት። አንደኛው ዘንግ ንቅንቅ አላለም። መሸፈኛ ጎማው ተቀዶ ውሃና ጭቃ ገብቶበት ዝጓል። ሸራዎቹን አወጡና ጎን ለጎን በመዳፋቸው ላይ አስቀመጡልን፤ የውስጠኛው ከሁለት ሚሊ ሜትር በታች ወርዷል፣ የውጭኛው ገና ወፍራም ነው። እግር ከፔዳሉ ላይ ተነሥቶም እንኳ ሸራው ዲስኩን አልለቀቀውም ማለት ነው። መኪናው ወሩን ሙሉ ፍሬን እንደተያዘ ነበር የሚሄደው። ፍሬን ላይ የቆመው ልጁ ሳይሆን ያ የዛገ ዘንግ ነበር።

አሁን ደግሞ ዲስኩ ለምን ያንቀጠቅጣል ወደሚለው እንምጣ። ሁላችንም «ዲስኩ ግሎ ተጣመመ» ስንል ኖረናል። አባባ እንዳስረዱን ግን ብረቱ እንደ ሳህን የሚጣመመው ከስንት አንዴ ነው። በብዙው የሚሆነው የዲስኩ ውፍረት ዙሪያውን እኩል አለመሆን ነው። አንድ ቦታ ላይ ሳስቶ ሌላ ቦታ ላይ ይወፍራል፤ ወይም ከልክ በላይ የጋለ ሸራ ከራሱ ገላ እየለቀቀ ዲስኩ ላይ እንደ ቅባት ይለጠፍና ቦታ ቦታውን ያወፍረዋል። ወፍራሙ ቦታ በሸራዎቹ መካከል ሲያልፍ ፍሬኑ ጠበቅ፣ ስሱ ቦታ ሲያልፍ ላላ ይላል። ይህ ጠበቅ ላላ ማለት ነው በመሪው ላይ እየመታ የሚሰማን። ዙሪያው ሁለት ሜትር ያህል የሆነ ጎማ በስድሳ ኪሎ ሜትር ፍጥነት በሴኮንድ ስምንት ጊዜ ይዞራል። በሴኮንድ ስምንት ጊዜ እጅ ላይ ሲመታ መንቀጥቀጥ ሆኖ ይሰማል።

አባባ ዲስኩን ዙሪያውን ስምንት ቦታ ላይ በማይክሮሜትር ለኩት። በወፍራሙና በስሱ መካከል ያለው ልዩነት 0.03 ሚሊ ሜትር ሆነ። ከአንድ የፀጉር ዘለላ ውፍረት እኩሌታ እንኳ አይሞላም! እኛ ቁጥሩን ስንሰማ ሳቅን፤ እሳቸው አልሳቁም። ይህን ያህል ብቻ መኪናን ለማንቀጥቀጥ ይበቃል አሉ። ስለዚህ ዲስክን በዐይን አይቶ «ደህና ነው» የሚል መካኒክ ቢያጋጥማችሁ አመስግናችሁ ወደ ሌላ ሂዱ።

ቀጥሎ የሆነው ለእኛ የበለጠ አስገራሚ ነበር። ሰዓት የመሰለ መለኪያ አለ፤ ጫፉን ዲስኩ ላይ አስደግፈው፣ ዲስኩን በጎማው ብሎኖች አጥብቀው በእጅ ቀስ ብለው ሲያዞሩት መርፌው ወዲያና ወዲህ ይሄዳል። ዲስኩ ሲዞር ምን ያህል እንደሚወላገድ የሚናገረው ያ ነው። ለብዙ አውቶሞቢሎች የተፈቀደው ከ0.05 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ነው። የእኛው 0.12 አሳየ። አባባ ዲስኩን አወለቁትና ዲስኩ የሚቀመጥበትን ፊት አሳዩን። ዝገት ተቆልሎበታል። በቶርኖ ያስላጩት ሰዎች ዲስኩን ሲመልሱ ዝገቱን ሳይፍቁ ላዩ ላይ ገጥመውታል። ከዲስኩ ሥር የገባች አንዲት የዝገት ቅርፊት ጠርዙ ላይ ስትደርስ ትልቅ ውልግድግድ ትሆናለች።

ታዲያ ለምን ሁለት ወር ቆይቶ መጣ? ይህን ጥያቄ ሾፌራችን ነው ያነሣው። መልሱ ይኸው ነው። ዲስኩ ገና የተላጨ ጊዜ ውፍረቱ እኩል ስለነበር ምንም አልተሰማም። ነገር ግን እየተወላገደ ስለሚዞር በእያንዳንዱ ዙር አንዱ ቦታ ሸራውን ይነካ ነበር፤ ፍሬን ሳይያዝም ጭምር። በሺህ በሚቆጠር ዙር ያ ቦታ ብቻውን ተበላ፣ ሳሳ፤ ውፍረቱ ተለያየ፤ መንቀጥቀጡም ተመለሰ። ከዚያ በፊት ደግሞ ዘንጉ ዝጎ ስለነበር ሙቀቱ ጨመረበት። ዲስኩን ማስላጨት ምልክቱን ነው ያጠፋው፣ በሽታው ቦታው ላይ ነው የቆየው። በዚያ ላይ አባባ ዲስኩ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር አነበቡልን፤ እያንዳንዱ ዲስክ ከዚህ ውፍረት በታች አይሠራም የሚል ልክ ተቀርጾበት ይመጣል። የግራው ዲስክ በቶርኖው ከልኩ በታች ወርዶ ነበር። ስስ ዲስክ ሙቀት አይችልም።

ፔዳሉ ለምን ሰመጠ? የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ከ205 ዲግሪ በታች አይፈላም። እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን ደረጃው የሚጠይቀው 140 ዲግሪ ብቻ ነው። ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ሲረገጥ ይታመቃል እንጂ አይገፋም። የእኛ ዘይት መቼ እንደተለወጠ መዝገባችንን ብናገላብጥ አላገኘነውም። በየሁለት ዓመቱ መለወጥ እንዳለበት የነገረን አልነበረም፣ እኛም አልጠየቅንም።

ሙቀቱ ምን ያህል እንደሆነ ለመረዳት ከሠፈራችን ኢንጂነሪንግ የሚማር ልጅ አስልቶልናል። ከነተሳፋሪው ሁለት ቶን ተኩል የሚመዝን ሚኒባስ 400 ሜትር ከፍታ በፍሬን ብቻ ተይዞ ቢወርድ የሚወጣው ሙቀት 30 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ለአንድ ትልቅ ድግስ ሻይ ማለት ነው። ይህ ሁሉ ሙቀት በአራት ጎማ መሆኑ ቀርቶ አብዛኛው በአንድ በታመመ ጎማ ላይ ሲወድቅ አስቡት።

ጥገናው እንዲህ ተደረገ። የዛገው ዘንግ ተፈቶ ተጸዳ፣ መሸፈኛ ጎማዎቹ በግራም በቀኝም ተለወጡ፣ ዘንጎቹም ለፍሬን ተብሎ የተሠራ ግሪስ ተቀቡ። ተራ ግሪስ አይሆንም፤ ጎማውን ያሳብጠውና ተመልሶ ያስረዋል። ሁለት አዲስ ዲስክና የሁለቱ ጎማ ሸራ ተገዛ። የግራው ብቻ አይበቃም ወይ ብለን ብንከራከር አባባ አልሰሙንም፤ አንዱ አዲስ ሌላው አሮጌ ከሆነ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይስባል። ዲስኩ የሚቀመጥበት ፊት በሽቦ ብሩሽ ብረቱ እስኪያበራ ተፋቀ። አዲሱ ዲስክ ከገባ በኋላ እንደገና ተለካ፤ 0.03 ሆነ። አሮጌው ዘይት ተመጥጦ ወጥቶ በአዲስ ተተካ። በሥራው ሁሉ አባባ አቧራውን በአፋቸውም በአየርም አላስነፉም፤ በእርጥብ ጨርቅ ነው የጠረጉት። የድሮ ሸራዎች ውስጥ አስቤስቶስ ነበረ፤ ሳንባ ይጎዳል። ከእሳቸው ጋር የሠሩ ስንቶቹ ሳንባቸውን እንዳመማቸው ነገሩንና ዝም አሉ።

ከዚህ በኋላ ስለ ብሎን። ጎሚስታ ዘንድ በአየር ግፊት በሚሠራው መሣሪያ ጥር አድርገው ያስሩልናል፤ እኛም ጠንካራ ታሰረ ብለን ደስ ይለናል። ነገር ግን አንዱ ብሎን ከልክ በላይ፣ ሌላው በልክ ከታሰረ ዲስኩ ላይ እኩል ያልሆነ ጫና ይፈጥርና ይኸንኑ ውልግድግድ ያመጣል። ብሎን በተራ ዙሪያውን አይታሰርም፤ ከአንዱ ወደ ፊት ለፊቱ እየተሻገሩ፣ መጀመሪያ ሁሉንም ላላ አድርጎ፣ ከዚያ በልክ መለኪያ ባለው ቁልፍ መጨረስ ነው። ለምሳሌ የብዙዎቹ የቪትዝና የኮሮላ ልክ 103 ኒውተን ሜትር ነው። መለኪያ ያለው ቁልፍ ውድ ከሆነባችሁ ማኅበሩ አንድ ገዝቷል፤ ፈርማችሁ ትወስዳላችሁ፣ በማግሥቱ ትመልሳላችሁ። በማግሥቱ ነው ያልነው።

አዲስ ዲስክና ሸራ እንዲሁ በቀጥታ ወደ ቁልቁለት አይወሰድም። እሑድ ማለዳ መንገዱ ጭር ባለበት ሰዓት ሾፌራችን ከአባባ ጋር ወጣ። ስድሳ ኪሎ ሜትር ይደርሳል፣ ፍሬኑን መካከለኛ አድርጎ ይይዛል፣ አሥር ላይ ሲደርስ ይለቃል፤ ፈጽሞ አይቆምም። እንዲህ ዐሥር ጊዜ ያህል ከደጋገመ በኋላ ፍሬን ሳይነካ ጥቂት ደቂቃ ነድቶ አቀዘቀዘው። ሸራው ዲስኩን እኩል እንዲለምደው ነው። በጋለ ፍሬን ቆሞ ፔዳሉን ረግጦ መጠበቅ ግን ሸራውን ዲስኩ ላይ ያትመዋል፤ አዲሱን ዲስክ በመጀመሪያው ቀን የሚያበላሸው ይህ ነው። በመብራት ስትቆሙም ፍሬናችሁ በጣም ከጋለ፣ መንገዱ ለጥ ያለ ከሆነ፣ በእጅ ፍሬን መያዝ ይሻላል።

ሂሳቡን ስንደምር ለሦስቱ ቦታዎች ስንከፍል የቆየነው ለአዲሶቹ ዲስኮች፣ ለሸራና ለዘይት ከወጣው ይበልጣል። አባባ ለእጃቸው አልተቀበሉም፤ ቡና ግን ጠጡ።

መኪና ላላችሁ አባላት ጥቂት እንጨምር። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ አሮጌው መኪና ረጅም ዕድሜ እንዲኖረው ሁሉም ይፈልጋል፤ ስለዚህ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ዲስክ ስትገዙ የተቀረጸውን ልክ አንብቡ፣ አስለኩት። ልኩ የማይነበብ ከሆነ ተዉት። በኤሌክትሪክ የሚሠራ የገዛችሁም አትዘናጉ። በእነዚህ መኪናዎች ሞተሩ ራሱ እየያዘ ስለሚያቆም የእግር ፍሬኑ ሥራ ይፈታል፤ በክረምት ደጅ ሲያድርም ዲስኩ ይዝጋል። የዘንጉ መዝገት ለእነሱም አይቀርላቸውም። አልፎ አልፎ ጠንከር አድርጎ ፍሬን መያዝና በዓመት አንዴ ዘንጎቹን ማስፈተሽ ይበቃል። የዓመታዊ ምርመራ ቦሎ መለጠፉ ለዓመቱ ዋስትና አይደለም፤ የእኛም ሚኒባስ ቦሎ ነበረው።

ቁልቁለት ላይ በፎሌ የምትወርዱ አላችሁ። ነዳጅ ቆጠብን ትላላችሁ። ከእንጦጦ ስትወርዱ፣ ወይም ወደ አባይ በረሃ ስትወርዱ፣ በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ፤ ሞተሩ ይያዝላችሁ። ፍሬኑን ሳታቋርጡ ከመርገጥ ጠበቅ አድርጎ መያዝና መልቀቅ፣ እንዲተነፍስ ጊዜ መስጠት ይሻላል። ሾፌራችን ያን ቀን ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ከማንም ሳይማር አይደለም፣ ከአባቱ ነው የተማረው። ይህንንም የሰማነው ዘግይተን ነው።

እንግዲህ ውሳኔውን እናሳውቃለን። የሰኔው ማስታወቂያ ተሽሯል፤ ወረቀቱንም ራሳችን ነቅለነዋል። ከሾፌራችን የተቆረጠው ደመወዝ ሙሉ በሙሉ ተመልሶለታል፣ በቃለ ጉባኤም ተጽፏል። በስብሰባ ላይ በሰው ፊት ነው የወቀስነው፤ ስለዚህ ይቅርታውንም በሰው ፊት ጠይቀነዋል። እሱም «ብቻ ሌላ ጊዜ ስናገር ጎማውን እዩልኝ» አለን። ከእንግዲህ ሾፌሩ የሚናገረው የመኪና ችግር ሁሉ በዚያው ቀን በመዝገብ ይጻፋል፤ መዝገቡም ቢሮ በር ላይ ተንጠልጥሏል፣ ማንም ማየት ይችላል።

አባባ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጧቱ ሁለት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት በማኅበሩ አዳራሽ ፊት ለፊት የአባላትን መኪና ለማየት ፈቃደኛ ሆነዋል። የምትመጡ ሁሉ የራሳችሁን ክሪክ፣ የብሎን ቁልፍና ለጎማ መደገፊያ ሁለት ወፍራም እንጨት ይዛችሁ ኑ። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር እጅም እግርም አይገባም። ከነመንዳታችሁ ሞቅ ብሎ የመጣ ጎማ መጀመሪያ ይቀዝቅዝ፤ ወረፋውም በመጡበት ተራ ነው፣ የሥራ አስፈጻሚ አባል ነኝ ማለት አይሠራም።